የፀዲ ትሎች

ጋሽ ሸዋንግዛው ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቅጠል መገልበጥ ነው። ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ግቢውን ይዞሩና የሎሚውን ቅጠል ገልበጥ፣ የበሶብላውን ገልበጥ፣ ሥሩን አየት፣ ለቀቅ። ለምን መሰላችሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራቸው ይኼ ነበራ! መልካ ወረር አካባቢ ጥጥ እርሻ ላይ የርጭት ቡድን መሪ ነበሩ። የጥጥ ቅጠል ገልብጠው የጓይ ትል እንቁላል ካገኙ ያፏጫሉ፤ መርጫ ያዘሉ ስምንት ሰዎች ከኋላቸው ይሰለፋሉ፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ማሳ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጡረታ ወጥተው አዋሽ ከተማ ከሐዲዱ ወዲህ የሠሯት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከገቡ ሦስት ዓመት አልፏል። እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ከሥራ ሲሰናበቱ በጀርባ የሚታዘለውን አሮጌ መርጫቸውን ይዘው ወጡ፤ ከጓዳው ጀርባ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ምስማር ላይ ሰቀሉት። የጎማ ቦቲያቸውንም አመጡ። ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ፣ አንድ ሊትር የማይሞላ የጥጥ መድኃኒት ይዘዋል። እርሻ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ከርጭት ትንሽ ትተርፋለች፣ "ለቤት ትሆናለች" ይባልና በውኃ ጠርሙስ ትገለበጣለች፣ ጓዳ መደርደሪያ ላይ ከዘይቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ለትኋን፣ ለቁንጫ፣ ለጉንዳን። ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ሁሉም ስለሚያደርገው ደግሞ ማንም አያስበውም።

ታዲያ አምና ልጃቸው ፀዲ ከሰመራ ልትወልድ መጣች። ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ባሏ ፍቅረሰላም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ዛሬ ጋላፊ፣ ነገ ሞጆ፣ ቤት የሚያድርበት ቀን ትንሽ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው። የፀዲ እናት ወይዘሮ አባይነሽ ካረፉ ቢቆይም፣ "እናትሽ ባትኖርም ቤቷ አለ" ብለው ጋሽ ሸዋ አስመጧት። ጎረቤታቸው ውባንችም ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለቱ አጥር ለአጥር ሆነው ሆዳቸውን ሲያስተያዩ፣ "የኔ ይበልጣል!" "ያንቺ ሽሮ ነው!" ሲባባሉ ለሰፈሩ መዝናኛ ነበሩ።

በአንድ ሳምንት ልዩነት ወለዱ። የውባንች ሴት ናት፣ ፍሬ አሏት። የፀዲ ወንድ ነበር። ዘጠኝ ቀን ኖረ።

ከዚያ በኋላ ፀዲ ከግቢው በር አልወጣችም። አንድ ወር ይሁን፣ ሁለት ወር ይሁን አሏት፤ ስድስት ወር አለፈ። የውባንች ቤት አርባ እርምጃ ነው፤ አንድም ቀን አልሄደችም። ፍሬ ስታለቅስ ድምፅዋ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል፤ ያኔ ፀዲ የያዘችውን ነገር አስቀምጣ ወደ ውስጥ ትገባለች። ውባንችም ገባት። ሕፃኗን ይዛ መምጣት ተወች፤ ብቻዋን ብቅ ትልና "ደኅና ዋልሽ ፀዲዬ" ብላ ቶሎ ትሄዳለች። ፍቅረሰላም በሳምንት አንዴ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ይመጣል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ረዳቱ ጥሩምባ ሲነፋ ይሄዳል። ጋሽ ሸዋ ምን ያድርጉ? ሻይ ያፈላሉ። ቅጠል ይገለብጣሉ።

አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ሆነ። ፀዲ ከሎሚው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እዚያ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል አለ፤ በርሜሉ ውስጥ እናቷ የተከሉት ጤና አዳም አለ። በዚያ በአዋሽ ሙቀት ጤና አዳም ማጽደቅ ቀልድ መሰላችሁ? ወይዘሮ አባይነሽ የሎሚውን ጥላ አስታክከው፣ የሩዝ እጣቢ እያጠጡ ነው ያሳደጉት። የሰፈሩ ፋርማሲ ነው። ሆዱን የቆረጠው፣ ሻይ የሚያፈላ፣ ሁሉም ይገባል፣ ይቆርጣል፣ ይሄዳል። ጠያቂም ከልካይም የለም።

ፀዲ ድንገት፣ "አባዬ፣ የወፍ ኩስ ይራመዳል እንዴ?" አለች።

ጋሽ ሸዋ ደነገጡ። ከወራት በኋላ ልጃቸው የጠየቀቻቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ጠጋ ብለው አዩ። ቅጠሉ ላይ ጥቁርና ነጭ የተለቀለቀች፣ ወፍ የጣለው የምትመስል ነገር አለች፤ እውነትም ትራመዳለች።

"ትል ናት" አሉና ጣታቸው ልትጨፈልቃት ሄደች።

ፀዲ እጃቸውን ያዘች። "ተዋት።"

"ጤና አዳሙን ትበላዋለች እኮ።"

"ትብላ። እስቲ የት እንደምትደርስ ልይ።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። ለልጃቸው ብለው እንጂ፣ ትል አይቶ ማለፍ ለሳቸው አረም አይቶ ሳይነቅሉ እንደ ማለፍ ነው፤ ይቆረቁራቸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀዲ ሌላ ሰው ሆነች ባልል እንኳ፣ ጠዋት የምትነሣበት ነገር አገኘች። ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። የወፍ ኩስ መሳዮቹ በሳምንት ውስጥ ቆዳቸውን ጥለው እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኑ። ትልቁን በሣር ጫፍ ነካ ስታደርገው ከጭንቅላቱ ላይ ብርቱካንማ፣ መንታ ቀንድ አወጣና የሚከረፋ ሽታ ለቀቀባት።

"ተቆጣኝ!" ብላ ሳቀች። ሳቀች! ጋሽ ሸዋ ጓዳ ገብተው እንባቸውን ጠረጉ።

ለፍቅረሰላም በስልክ ፎቶ ላከችለት። እሱም ሎግያ ላይ ቆሞ ለአንድ የሚያውቅ ሰው አሳይቶ መልሶ ደወለ፤ "ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ጠቃጠቆ ያለው ቢራቢሮ ነው የሚሆነው፤ ቢራቢሮዎቹ ደግሞ አበባ ይፈልጋሉ" አላት። ፀዲ ከልብስ እጣቢው ውኃ ቀንሳ እያጠጣች ሱፍ አበባ ዘራች፣ አጥሩ ሥር ሊያብብ የደረሰ የወፍ ቆሎ ተከለች፣ በሶብላውን አበዛች። የወፍ ቆሎው ባበበ ጊዜ ያ ደረቅ ግቢ ንብ በንብ ሆነ። እንደዚያ ያለች ጥቁር ባለ ቢጫ ቢራቢሮም ከውጭ እየመጣች፣ አበባው ላይ እንኳ ክንፏን ማራገብ ሳታቆም፣ ጠጥታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ፀዲ ሻይ ይዛ፣ "አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትስቅብኝም?" አለች።

"አልስቅም።"

"ከነዚህ ውስጥ አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ ሁሉን ጨርሳ ክንፍ አውጥታ ስትበር ካየሁ ሰመራ እመለሳለሁ። ቤቴ እገባለሁ።"

አባት ምን ይላል? "ታያለሽ የኔ ልጅ" አሉ።

ግን ጤና አዳሙን ሲያዩት ልባቸው ይጨነቃል። ግማሹ ቅጠሉ አልቆ አጥንቱ ቀርቷል። የአባይነሽ ጤና አዳም! አሥራ አንድ ትል ቀን ከሌት ይቆረጥመዋል። በዚያ ላይ የሰው ወሬ አለ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ሰዒድ ጎሚስታ ጋ ሄዱ። ሰዒድ ጎማ የሚጠግንባት ቦታ ከሳቸው በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ናት፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጡ የሚያልፈውን ተሳቢ ማየት ነው። የድሮ የርጭት ባልደረባቸው ሐብታሙም ነበር። ሐብታሙ አሁን ወንዙ ዳር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል።

"ስማ ሸዋ፣" አለ ሐብታሙ፣ "ልጅህ ከትል ጋር ታወራለች ይባላል፤ እውነት ነው?"

"ማነው ያለው?"

"ሰው ነዋ!"

ሰዒድ ከጎማው ቀና ሳይል፣ "አንተ ከሚስትህ ጋር ከምታወራው ይሻላል" አለ።

"አንተ ጎማህን ንፋ! እኔ ለሱ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ትል የገደለ ሰው ግቢው ውስጥ ትል ሲቀልብ! ጉድ እኮ ነው። ያቺ ጠርሙስ የለችህም እንዴ?"

"አለች" አሉ ጋሽ ሸዋ።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ነገ በማለዳ ጠብ ጠብ፣ አለቀ።"

ሰዒድ አሁን ቀና አለ። "ጋሽ ሸዋ፣ እኔ ስለ መድኃኒት አላውቅም። ግን ልጅቷ ሳቀች ብለውኝ አልነበር? አላህ ሲፈልግ በትልም ያስቃል። ይተዉላት። ደሞ ያ ነገር መርዝ ነው ይባላል።"

"መርዝ!" አለ ሐብታሙ። "ሠላሳ ዓመት ስንተነፍሰው ኖረን ምን ሆንን? ይኸው እኔ!" ደረቱን መታ። በሌላኛው እጁ የያዘው የሻይ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ሻዩ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። እጁ እንዲህ ከሆነ ቆይቷል። ሰዒድ አየ። ጋሽ ሸዋም አዩ፤ የራሳቸውን እጅ ኪሳቸው ከተቱ።

ቤት ሲመለሱ ፀዲ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ትልቁ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ፈለግሁት። ሎሚው ላይም የለም፣ መሬትም የለም።"

"ወፍ በልቶት ይሆናላ።"

ፀዲ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "እሱም አልጨረሰም" አለች።

ይቺ ቃል ጋሽ ሸዋን ወጋቻቸው። ትሎቹ ነገ ከነገ ወዲያ አንድ በአንድ እየጠፉ ልጃቸውን እንደገና ሊያስለቅሷት ነው፤ እናቷ የተከሉትም ጤና አዳም አብሮ ሊያልቅ ነው። ይኼ ነገር ቶሎ ቢያልቅ ይሻላል፣ አንዴ አልቅሳ ትርሳው አሉ። ልብ በሉ፣ ክፋት አይደለም። ፍቅር ነው። እጅ የለመደውን የሚሠራ ፍቅር።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጠርሙሷን ከመደርደሪያው አወረዱ። ክዳኗን በምስማር በሱ፣ ውኃ ጨመሩባት፣ ወተት መሰለች። ጤና አዳሙን ከላይ እስከ ታች፣ ሎሚውን፣ እግረ መንገዳቸውን አበባውንም አጠጡት። ሳያስቡት የድሮዋን ፉጨት አፏጩ። "ፀዲ እስክትነሣ ይደርቃል" አሉ። እጃቸውን በውኃ ለቅለቅ አድርገው ወደ ሰዒድ ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ገደማ ውባንች ወደ ግቢያቸው ስትገባ ከጎማቸው ላይ ሆነው አዩዋት። ወዲያው ወጣች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋለች።

"ደኅና አደሩ ጋሼ! ፀዲ ተኝታለች መሰለኝ፣ አልቀሰቀስኳትም።"

"እግዜር ይመስገን። ፍሬ እንዴት አደረች?"

"አዬ፣ ሆዷን ነፍቷት ስታለቅስ ነው ያደረችው።"

"አይዞሽ፣ ይሻላታል" አሏትና ወደ ሻያቸው ዞሩ።

አያችሁ? ሕፃኗ ሆዷን እንዳመማት ሰሙ። ውባንች ከግቢያቸው ስትወጣ አዩ። የሰፈሩ ሰው ሆዱን ሲያመው ምን ሊቆርጥ እንደሚገባ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን አልገናኘላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጩት ጥጥ ነዋ! ጥጥ ማንም አፍልቶ አይጠጣም።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። የግቢያቸው በር ዷ ብሎ ተከፈተና ፀዲ ወጣች። በባዶ እግሯ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ እንደተበተነ፣ እየሮጠች።

ጋሽ ሸዋ ከጎማው ላይ ብድግ አሉ። ሻይ ተደፋ። "ሰዒድ! እይ! ወጣች! ልጄ ወጣች!" እንባቸው መጣ። በዚያች ቅጽበት በዓለም ላይ ከሳቸው የበለጠ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ፀዲ ግን ወደ አባቷ አልዞረችም። ወደ ውባንች በር እየሮጠች፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፦ "ውባንች! እንዳታጠጫት! ውባንችዬ፣ እንዳታጠጫት!"

ያኔ ገባቸው። ሰዒድን ጎትተው ወደ ውባንች ቤት ሮጡ።

ሲደርሱ የውባንች ቤት በር ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አለ፣ ገና ይተናል። ማንኪያው ወለል ላይ ወድቋል። ውባንች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አፏን በእጇ ይዛለች። ፀዲ ደግሞ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ፍሬን ታቅፋለች። ማንኪያውን በአንድ እጇ መትታ፣ በሌላው ሕፃኗን ነጥቃ፣ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛታለች።

"አልቀመሰችም" አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። "አልቀመሰችም። አልቀመሰችም።"

"እኔ ግን ሙቀቱን ልለካ ብዬ ቀመስኩት" አለች ውባንች። "ምንድን ነው ነገሩ? አፌ ደነዘዘኝ እኮ።"

"ትሎቹ፣" አለች ፀዲ፣ "ትሎቹ ሁሉ ሞተዋል። ጥቁር ሆነው ተንጠልጥለዋል። ከአበባው ሥር ንቦቹ ረግፈዋል። ጤና አዳሙ ደሞ አሁን የተቆረጠ ቦታ አለው፣ ይደማል። ውባንች ናት አልኩ። ሌላ ማን ነው የሚቆርጠው? ሮጥኩ።"

ሰዒድ ባጃጅ አስቆመ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሳይደርሱ ውባንች ማስመለስ ጀመረች። ነርሷ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ፈጠን ብላ መጣች፤ "የቀመሰችው ምንድን ነው? ስሙን የሚያውቅ አለ?" አለች።

ጋሽ ሸዋ አላውቅም ማለት ይችሉ ነበር። ጠርሙሷ ላይ የተጻፈው የውኃ ስም ነው። ከመጋዘን ወሰድኩ ማለትስ በዚህ ዕድሜ? ግን ፍሬን ያቀፈችውን ልጃቸውን አዩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "የጥጥ መድኃኒት ነው። እኔ ነኝ የረጨሁት።" ስሙንም፣ ምን ያህል ውኃ እንደጨመሩበትም ተናገሩ። ነርሷ አንድ ጊዜ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ሮጠች። በኋላ ተመልሳ፣ "ስሙን ቶሎ መንገርዎ ጠቅሞናል" አለች። ለውባንችም፣ "ጨቅላ ልጅ ሆዷን ሲነፋት ወደኛ ታመጪያታለሽ እንጂ ቅጠል አፍልተሽ አታጠጪያትም፤ የተረጨ ይሁን ያልተረጨ" ብላ ተቆጣቻት።

ውባንች ያን ዕለት እዚያው ዋለች፣ አደረች፤ በማግስቱ ቀለል ብሏት ወጣች። ፍሬን ማን ያዛት? ፀዲ። ሌሊቱን ሙሉ ከእጇ አላወረደቻትም።

ውባንች ስትወጣ ጋሽ ሸዋ የጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ቆመው ጠበቋት። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። "ውባንች ልጄ..." ብለው ጀመሩ።

"ጋሼ፣ አሁን አይናገሩኝ" አለች ውባንች። "አሁን ከተናገሩኝ ክፉ ነው የምመልስልዎት።" ሄደች። ልክ ናት።

ፀዲም ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም። በሦስተኛው ቀን ማዕድ ላይ፣ "አባዬ፣ እነዚያ ትሎች ባይኖሩ ኖሮ ቅጠሉ ላይ ምንም አላይም ነበር" አለች። "ቅጠሉ እንደሁ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ድሮው ይሸታል፤ የመድኃኒቱን ሽታ ዋጥ አድርጎታል። እኔም ራሴ ቆርጬ ሻይ አፈላልህ ነበር። እነሱ ሞተው ነው የነገሩኝ።"

ጋሽ ሸዋ እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። ተነሡ። ጠርሙሷን በሁለት ፌስታል ጠቀለሉ፣ ላይዋ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ "መርዝ" ብለው ጻፉባት። ጤና አዳሙን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው አሰሩ። ከዚያ መርጫውንም ጨምሬ ወደመጣበት ልመልስ ብለው ወደ ጓዳው ጀርባ ሄዱ። እጃቸውን ማንገቻው ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ቆሙ።

ማንገቻው ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል። የደረቀ ቅጠል ቁራጭ ይመስላል። ጎበጥ ብሏል፣ በወገቡ ዙሪያ አንድ ቀጭን ክር አለው፤ የመብራት ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ በቀበቶው ወደ ኋላ ተለጥጦ እንደሚሠራው፣ ልክ እንደዚያ በክሩ ታስሮ ተለጥጧል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቅጠል የገለበጠ ዓይን አይሳሳትም።

"ፀዲ!" ብለው ጮኹ። "ፀዲዬ፣ ነይ! ትልቁ! ትልቁን ወፍ አልበላውም!"

ፀዲ መጣች። አየች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ አባቷም አጠገቧ ተቀመጡ። ኋላ ፀዲ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች።

ጋሽ ሸዋ ጠርሙሷንና ከረጢቱን ይዘው መልካ ወረር ድረስ ሄደው ለእርሻው መጋዘን መለሱ። መጋዘን ጠባቂው ፍሬምናጦስ፣ "ጋሽ ሸዋ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ?" ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቁጭ አድርገው ነገሩት። ሲጨርሱ ፍሬምናጦስም አልሳቀም። ከረጢቱን ለማስወገድ ተቀበላቸው፤ "የኔም ቤት አንድ አለች" አለ ቀስ ብሎ።

በሳምንቱ ሐብታሙ በሩን አንኳኳ። "ሸዋ፣ መርጫዬ ፈነዳብኝ፤ ቲማቲሜን ትል ፈጀው። ያንተን አውሰኝ።"

"አይሆንም።"

"ለምን? አንተ እንደሁ አትጠቀምበትም!"

"ተይዟል" አሉ ጋሽ ሸዋ።

"ማን ያዘው?"

እጁን ይዘው ወደ ጓዳው ጀርባ ወሰዱት፤ በጣታቸው አሳዩት። ሐብታሙ አንዴ ማንገቻውን፣ አንዴ የድሮ አለቃውን አየ። "አንተ ሰውዬ፣ ያበድከው አንተ ነህ እንጂ ልጅህ አይደለችም!" አለ። ግን አልሄደም። ጋሽ ሸዋ የሆነውን ሁሉ ነገሩት፤ ብርጭቆውን፣ ማንኪያውን፣ የፀዲን ሩጫ። ከዚያ፣ "ሁለቱንም እጅህን ዘርጋ" አሉት። ዘረጋ። የራሳቸውንም አጠገቡ ዘረጉ። አራት እጅ፣ ሁሉም ይንቀጠቀጣል።

"ምን ሆንን ብለህ ነበር፤ ይኸው የሆንነው" አሉት። "ቲማቲሙን የግብርና ባለሙያ ጠርተህ አሳይ። ምን እንደሚረጭ፣ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀም ይንገርህ። ሰው ነው የሚበላው።"

ሐብታሙ እጁን ሰበሰበ።

ቢራቢሮው የወጣው እሑድ ጠዋት ነው። ያን ዕለት ውባንች መጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። መተሐራ ካለች እኅቷ ቤት ትንሽ ጤና አዳም በወተት ጣሳ ይዛ መጥታለች። "ወይዘሮ አባይነሽ በሕይወት እያሉ ለእኅቴ ከሰጧት ቅርንጫፍ የተነሣ ነው፤ የናንተው ነው" አለችና ለጋሽ ሸዋ በእጃቸው ሰጠቻቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊነኩ ሲሉ፣ "ኧረ ጋሼ! በሞቴ ይነሡ!" ብላ ጮኸች። ታረቁ።

ፀዲ ፍሬን አቅፋ ከመርጫው ሥር ቆማለች። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ አንድ የተጨማደደ ጥቁር ነገር ራሱን እየጎተተ ወጣ፣ ማንገቻው ላይ ተንጠለጠለ፣ ቀስ እያለ ክንፉ ተዘረጋ። ጥቁር፣ ቢጫ ጠቃጠቆ፣ ከታች ቀይና ሰማያዊ ዓይን የመሰለ ነጥብ ያለው። ፍሬ እጇን ዘረጋች። ክንፉ እስኪደርቅ ሁሉም ባለበት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ተነሣ፤ የሎሚውን ጫፍ አንዴ ዞረ፣ አጥሩን ዘለለ፣ ወደ ሐዲዱ ሄደ።

"ጨረሰ" አለች ፀዲ። እያለቀሰች ነበር፤ ግን አባቷ ይኼን ልቅሶ አልፈሩትም።

በዚያው ሳምንት ፍቅረሰላም መኪናውን አስፋልቱ ዳር ሲያቆም ሻንጣዋን ይዛ ጠበቀችው። ሰመራ ገባች። አሁን ደጃፏ ላይ በባሊ የተተከለ ጤና አዳም አላት፤ በየጠዋቱ ለአባቷ ትደውልና "ስንት ናቸው?" ትላቸዋለች። እሳቸውም የአዲሱን ጤና አዳም ቅጠል ገልብጠው፣ ትሎቹን ቆጥረው ይነግሯታል።

እንግዲህ እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጽሑፉን አስቀምጡና ጓዳችሁ ግቡ። መደርደሪያው ላይ ከዘይቱ አጠገብ ያለችውን፣ የውኃ ስም የተጻፈባትን፣ ውኃ ያልሆነችውን ጠርሙስ ፈልጉ። ወደ ቆሻሻ አትጣሏት፣ ወደ ቦይም አትድፏት፤ የግብርና ባለሙያ ጠይቁና ለሚረከባችሁ አስረክቡ። ቅጠላችሁ ላይ ትል ካያችሁ ደግሞ ከመርጨታችሁ በፊት ትሏ ማን እንደሆነች፣ ያንን ቅጠል ማን እንደሚበላው ጠይቁ። ሁሉም ትል ጠላት አይደለም። አንዳንዷ ጠባቂያችሁ ናት።

የጋሽ ሸዋንግዛው መርጫ እስካሁን እዚያው ምስማሩ ላይ ነው። ማንገቻው ላይ ባዶዋ ቅርፊት አለች። ሰው መጥቶ አውሱኝ ሲላቸው ዛሬም መልሳቸው ያው ነው፦ "ተይዟል።"